ከቤት እስከ ሥራ ቦታ፤ የካዛንችስና የቂርቆስ ሠራተኛ የጉዞ ሰዓት



ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ የሠራተኛ መኖሪያ ስም ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የኢጣሊያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ወራሪው ሲባረር ስሙ በሕዝቡ አንደበት ተለውጦ ካዛንችስ ሆኖ ቀረ። ሰፈሩ እንግዲህ ከመነሻው የሠራተኛ ማደሪያ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ወዲህ በአካባቢው መሥሪያ ቤቱ፣ ሆቴሉና ባንኩ እየበዛ ሲሄድ የሠራተኛው ቤት ግን እየራቀ መጣ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት የተሠሩት እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንችስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱም ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ሊሻል ይችላል፤ ሆኖም ከቁልፉ ጋር አብሮ የማይሰጥ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጊዜ ነው።

የጉዞ ጊዜ በአራት ይከፈላል፤ እስከ ፌርማታ በእግር መሄድ፣ ተሰልፎ መጠበቅ፣ በተሽከርካሪ መጓዝና ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መያዝ ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ሠራተኛውን የሚያማርረው ሰልፉ ነው። ለምሳሌ 120 ሰዎች ተሰልፈዋል እንበል። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በየ4 ደቂቃው ቢመጣ የመጨረሻው ሰው የሚሳፈረው በ40ኛው ደቂቃ ነው። 60 ሰው የሚጭን አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ቢመጣ ግን ያው ሰው በ20ኛው ደቂቃ ይሳፈራል። በመንገዱም ላይ አንዱ አውቶቡስ አምስት ሚኒባሶችን ይተካል።

በዚሁ ስሌት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሠራተኛ ይታሰብ። ተሽከርካሪው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው ብቻ አንድ ሰዓት ይወስዳል። የሰልፉ 40 ደቂቃና የእግር መንገዱ 20 ደቂቃ ሲጨመሩበት ሁለት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2፡30 በሥራ ገበታው ላይ እንዲገኝ በ12፡30 ከቤቱ መውጣት አለበት። ደርሶ መልሱ አራት ሰዓት ነው፤ የስምንት ሰዓት ሥራ እኩሌታ ማለት ነው። ለዚህም ደመወዝ የሚከፍለው የለም።

ሸክሙ ሁሉንም እኩል አይከብድም። የመንግሥት ሠራተኛው በነፃ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለው። የሆቴል አልጋ አንጣፊዋ፣ የሕንፃ ዘበኛውና የቀን ሠራተኛው ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ሚኒባሱ መንገድ ሲቆራርጥባቸው ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፤ የማታ ተረኛ የሆኑትም ትራንስፖርት በሚጠፋበት ሰዓት ይወጣሉ። ኪሱ የሚጐድልበት ደግሞ በእግሩ ይሄዳል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ችግር የታሰበ መፍትሔ ነበር። በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሆነው ሐዲድ የምሥራቅ ምዕራቡ መሥመር በዑራኤል፣ በባምቢስና በእስጢፋኖስ ያልፋል፤ ከቃሊቲ የሚመጣውም ጎተራንና መሿለኪያን አልፎ ስታዲየም አጠገብ ይገናኘዋል። ይሁን እንጂ ለአገልግሎቱ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ጊዜ ነበር። ሐዲድ መዘርጋት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ጉዞውን የሚያሳጥረው ግን በየዕለቱ የሚደረገው ጥገና ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መሥመር ይከለል፤ ሰፊ መንገድ ለግል መኪና ብቻ ከሆነ ሰልፉን አያሳጥርምና። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤቶች መግቢያ ሰዓት ይለያይ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲገባ የሚያስፈልገው አውቶቡስ ይበዛል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ይቆማል። ሦስተኛ፣ በካዛንችስና በቂርቆስ አዲስ ሕንፃ ሲታቀድ በዚያው ለሚሠሩት ዝቅተኛ ተከፋዮች የሚሆን መኖሪያ አብሮ ይታቀድ።

ነዋሪ በሚዛወርበትም ጊዜ በፕላኑ ላይ ከቤቱ ስፋት ጎን ሌላ ቁጥር ይጻፍ፤ ይኸውም ከአዲሱ ቤት እስከ ቀድሞው ሥራ ቦታ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ነው። ያ ቁጥር ካልተጻፈ ወጪው የለም ማለት አይደለም፤ ሠራተኛው በየጠዋቱ ይከፍለዋል።