ስለ አንጎል ስብና ስለ መርሳት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን አንድ ሽማግሌ የልጁን ስም ሲስት ወይም የለመደው መንገድ ሲጠፋበት «ጃጀ» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ይህን የመሰለው መርሳት የዕድሜ ዕዳ ብቻ አለመሆኑንና ምክንያቱም በከፊል ካልታሰበ ቦታ፣ ማለት ከስብ አያያዝ፣ መገኘቱን ለማስረዳት ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ በሞተችው በሽተኛው አንጎል ደጋፊ ሕዋሶች ውስጥ የተከማቸ ስብ ማየቱን ገልጾ ነበር። ስለ ሌላው ግኝቱ ብዙ ሲጻፍ፣ ስለ ስቡ ግን ለረጅም ዘመን ብዙም የጠየቀ አልነበረም።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከኮሌስትሮላችን ግን አንድ አምስተኛ ያህሉን ይዟል። ይህንንም ከምግብ አያገኘውም፤ የደም ኮሌስትሮል በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍምና። (ቅቤ ወዳጆች ግን ቶሎ ደስ አይበላችሁ!) አንጎል የራሱን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል፤ አፖ ኢ የተባለው ፕሮቲንም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ያመላልሰዋል። በ1993 ዓ.ም. የዚህ ፕሮቲን አንዱ ዓይነት፣ አፖ ኢ 4፣ ከአልዛይመር በሽታ ጋር መያያዙ ታወቀ።

እዚህ ላይ የሰውነት መከላከያ ኃይል ይገባል። ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሶች የአንጎል ዘበኞች ናቸው፤ ግቢውንም የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። የሞተውን ሕዋስና የተበላሸውን የነርቭ ሽፋን ይውጣሉ። የዋጡት ስብ ግን ተፈጭቶ መውጣት አለበት። አፖ ኢ 4 ባለበት አንጎል ስቡ በውስጣቸው ይከማቻል፤ ስብ የሞላው ዘበኛም ጥርጊያውን ትቶ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር እየረጨ የሚጠብቃቸውን ነርቮች ይጎዳል። እንግዲህ የስቡ ጉዳይና የመከላከያው መዛባት አንድ በሽታ በሁለት ስም መሆኑ አይደለምን?

ታዲያ የደም ኮሌስትሮልስ? በ2002 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በሆላንድ ከ70 እስከ 82 ዓመት ለሆናቸው 5,804 ሰዎች በተደረገ ሙከራ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን መድኃኒት የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ የማሰብ ችሎታ አልታየባቸውም። በ2024 ዓ.ም. ግን የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን በጉልምስና ዕድሜ የሚታየውን ከፍተኛ የኤል ዲ ኤል ኮሌስትሮል ሊወገዱ ከሚችሉት 14 የመርሳት በሽታ መንሥኤዎች አንዱ አድርጎ ቈጠረው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጋጩም፤ ደሙን ማስመርመር ያለበት አያታችን ከመሆን ይልቅ አባታችን ነው።

ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚጠቅመው ምስክር ከኢባዳን የመጣው ነው። በ2001 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ የኢባዳን ዮሩባዎች መካከል በዓመት አልዛይመር የያዛቸው ከመቶ 1.15 ሲሆኑ፣ በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ግን 2.52 ነበሩ። አፖ ኢ 4 በኢባዳን ብርቅ አይደለም፤ የደማቸው ኮሌስትሮል ግን ከአሜሪካኖቹ ያነሰ ነበር።

ጥያቄ ያለው ጓደኛ እጁን ያንሣ።