የእማዬ ፊት በበር ብርሃን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ አንበሳሜ)



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዲት እህት ስታርፍ ልጆቿ ለቅሶው ላይ የሚያስቀምጡት ፎቶ አጡ። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ወስደው አሳድገው አሠሩት፤ ፊቷ ደብዝዞ፣ ማኅተሙ አገጯን ሸፍኖ መጣ። ትንሿ ልጇ አይታ «ይቺ እማዬ አይደለችም» አለች።

ያን ቀን ቤታችን ገብተን ሣጥናችንን ከፈትን። የሰርግ ፎቶ አለ፣ የልጆች ምርቃት አለ። እኛ ግን ወይ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ተገትረናል፣ ወይ ጭራሹን የለንም፤ ፎቶው ሲነሳ ጓዳ ነበርና።

ስለዚህ ማንሳት መማር ጀመርን። ያለን አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራና አንድ ዲጂታል ነው።

መጀመሪያ የተማርነው ፍላሹን ማጥፋት ነው። ፍላሽ ፊትን ያነጣል፤ ይባስ ብሎም ሰውን ያነቃና ያደርቃል። የቤታችን መስኮት ትንሽ ነው፤ በሩ ግን ደህና ብርሃን ይሰጣል። ቡና የምታፈላውን ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ብርሃኑ በጎኗ እንዲመጣ አድርገን እናስቀምጣለን። አንሺዋ በሩን እንዳትጋርድ ግድግዳውን ትጠጋለች። በወዲያኛው ጉንጭ በኩል ከጨለመ አንድ ልጅ ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ይቆማል፤ ጋቢው ብርሃኑን ይመልሳል። እኩለ ቀን ላይ ደጅ አናነሳም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ጉድጓድ ይመስላል።

«ሳቁ» ማለት አይጠቅምም። በአቦል ሁሉም ነጠላውን ያስተካክላል፤ በቶና ጨዋታ ይደራል፤ በረካ ላይ ካሜራው ይረሳል። እኛ የምናነሳው ያኔ ነው። ካነሳን በኋላ እናሳያታለን፤ ካልወደደችው እንተወዋለን።

በፊልሙ 36 ብቻ ስለሆነ አንዷን ለማንሳት ትንፋሽ እንይዛለን። ቤት ውስጥ 400 የሚለው ፊልም ይሻላል፤ ፍጥነቱ ከ1/60 ሲወርድ ክርናችንን ግድግዳ ላይ እናስደግፋለን። ዲጂታሉ ለመማር ጥሩ ነው፤ ስህተቱን እዚያው ያሳያል። ግን አንድ ፋሲካ ያነሳነው ሁሉ ሚሞሪው ሲበላሽ ጠፋ። የፊልሙ ኔጌቲቭ ደግሞ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ የወጣውን ሳንውል ሳናድር ወረቀት ላይ እናሳትማለን።

«በዚህ ዕድሜ ካሜራ ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን አሉ። ደብረ ታቦርን መናገሻው ያደረገው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዝ ሲደርስ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እዚያ ፎቶ ካነሱት አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ካሜራ እጇ የገባው በ48 ዓመቷ፣ ልጇ ሰጥታት ነው። ፎቶ ማንሻዋም ቀድሞ የዶሮ ቤት የነበረ ነው፤ የምትሠራው በመስታወት በሚገባ ብርሃን ነበር። የዚያን ዘመን ካሜራ ዝም ብሎ መቀመጥን ስለሚፈልግ እንደ እኛ በጨዋታ መሐል ማንሳት አልቻለችም። ቢሆንም የልጁ ዓይን ዛሬም ሆድ ያባባል። ከፎቶዎቹ በአንዱ አብሮት ያለው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ በኋላ መንገድ ላይ ዐርፈው ነበር።

ያቺ «ይቺ እማዬ አይደለችም» ያለች ልጅ አሁን ከእኛ ጋር ትማራለች። ባለፈው ወር አያቷን በረካ ላይ አነሳቻቸው፤ ስኒው በእጃቸው፣ አፋቸው ተከፍቶ እየሳቁ። እጃቸው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል። አያትየዋ «ጥርሴን ሁሉ አወጣሽው» ብለው ተቆጡ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አዘዙ።

ደጋፊዎቻችን፣ የሚያስፈልገን ፊልምና የማሳተሚያ ዋጋ ነው። እህቶች፣ ካሜራዎቹ ቢሮ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ነው። ተራ ስትይዙ ቤታችሁ ቡና የሚፈላበትን ሰዓትና በሩ ወደየት እንደሚያይ ንገሩን።