ከአሸዋው የተገኘ ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ባለች ፒክአፕ ለመንገድ ጥናት ስንጓዝ፣ ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገባን። አራቱም ጎማዎች እየዞሩ መኪናይቱ በሆዷ ተኛች። እኔ «ነዳጅ ይስጡት» ብዬ አዘዝሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሾፌራችን ግን ሞተሩን አጥፍተው፣ «ልጄ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉድጓዳችንን ይቆፍራል፤ ይልቅስ እናስተንፍሰው» አሉኝ።

ከ35 ፓውንድ ወደ 18 አወረድነው። ጎማ መሬትን የሚጫንበት ግፊት በውስጡ ካለው አየር ግፊት ጋር የተቀራረበ መሆኑን ተምሬ ነበር፤ አየሩ ሲቀንስ ጎማው ረዝሞ ይተኛል፣ ክብደቱም በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ቀመሩን እኔ ዐውቅ ነበር፤ የሠሩበት ግን እሳቸው ናቸው። አሸዋውን በአካፋ ጠርገን፣ በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ ብለን ወጣን። ከጠንካራው መንገድ ስንደርስ ጎማውን መልሰን ነፋን፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳልና።

በዚያች ሌሊት በደጋው የዘነበው ዝናብ ወንዙን በጎርፍ ሞላው። እዚያው አድረን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከፊታችሁ ባልቆምሁ ነበር።

ስለዚህ፣ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለመስክ መኪና ውድ ተጨማሪ ዕቃ ከማዘዛችን በፊት የግፊት መለኪያ፣ ፓምፕና አካፋ እናሟላ፤ የሾፌሩንም ቃል እናዳምጥ።