እንጀራ ሲቀነስ ምን ይጠበቃል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የኮሚቴያችን ጸሐፊ «እስቲ ስለዚህ እንጀራ ስለ መተው ነገር ጥቂት በለን» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። የ1977ቱን ረሀብ በዓይኑ ያየ የዋግ ሰው ኒሯቅ ላይ ቆሞ «እንጀራ ቀንሱ» ሲል መሰማቱ ራሱ ነውር ይመስላል። እኛ እኮ ሥራችንን እንኳ «እንጀራዬ» ነው የምንለው። ዕድል ሲቃናልን «እንጀራው ወጣለት» እንላለን። ታዲያ እንጀራ ተው ማለት ምን ማለት ነው?

ይሁን እንጂ ጥያቄው በከንቱ የተነሣ አይደለም። ከመካከላችን ሰቆጣ ሆስፒታል ደርሰው «ስኳር አለብህ» ተብለው የተመለሱ አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ወዲያው ደግሞ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ልጆቻችን ስልክ ይደውላሉ፤ «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር በቃ አቁም፤ ሥጋና እንቁላል ብላ፤ በወር ውስጥ ትድናለህ» ይላሉ። ልጆቹ ለኛ አስበው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ከተናገሩት ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ዛሬ የምናገረው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ያህል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ለኛ ለእድር ሰዎች ደግሞ የሚቀርበን ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው የሬሳ ሣጥን ማዘጋጀትና ቀብር ማስፈጸም ነው፤ ቤተሰቡ የነገሥታቱን ቀብር ሳይቀር ያስፈጽም ነበር። በኛ አነጋገር ሰውየው ራሱን የቻለ እድር ነው ማለት ነው። እኚህ ሰው በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው በጣም ከመወፈራቸው የተነሣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር አቃታቸው፤ ደረጃ ሲወርዱም የኋሊት ነበር የሚወርዱት። ጆሯቸው መስማት ሲደክምባቸው አንድ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ ቢራውንና ድንቹን ተዉ አላቸው። ክብደታቸው 92 ኪሎ ያህል ነበር፤ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1863 ይህንኑ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመው አወጡ። ስማቸው በዓለም ስለ ተሰማ በስዊድን ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግብ መቀነስ «ባንታ» ይባላል። እኚያ ቀብር አስፈጻሚ 81 ዓመት ኖሩ።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚይዙት 21 ኪሎውን ነው። አንድ ዓመት የሚለውን ይረሱታል። በየማዕዳቸው ሥጋ ወይም ዓሣ ይቀርብላቸው እንደ ነበረም ይረሳል። በዋግ በየማዕዱ ሥጋ የሚቀርብለት ሰው ካለ እጁን ያውጣና እንየው!

አሁን ወደ ራሳችን ገበታ ልመለስ። ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «እኔ ስኳር አልልስም፤ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» ይላል። ነገር ግን የጤፍ ዱቄት ከመቶው ከ70 በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ይኸውም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው ማለት ነው። ማሽላውም፣ ገብሱም፣ ስንዴውም በዚያው አካባቢ ናቸው። ቀዩ ጤፍ ከነጩ ይሻላል፣ የማሽላ እንጀራ ስኳር የለውም፣ በሶና ቆሎ አይጎዱም የሚባለው ሁሉ ከስም ያለፈ ልዩነት የለውም፤ ብዛቱ ነው ወሳኙ። ጤፍ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብረትም አሰርም አለው፤ እሱን አልክድም። ስለ ማራችን ስናገር ደግሞ እንዳትቀየሙኝ። የዋግ ማር የታወቀ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። «ማር መድኃኒት ነው» ብሎ በሾርባ ማንኪያ የሚውጥ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት አልወሰደም።

ሽምብራ፣ ምስርና አተር ከመቶው 60 ያህል ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ስኳሩን ቀስ አድርገው ነው የሚለቁት። ጎመን፣ እንቁላል፣ የፍየል ሥጋ፣ ከተከዜ ግድብ የሚወጣው ዓሣ፣ ቅቤና ተልባ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርጉ አይደሉም፤ ወይም የሚያደርጉት ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ዛሬ እንጀራውን በጣም ቢቀንስ ምን ይገጥመዋል? መጀመሪያ ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል። በአንደኛው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ የሚቀንስ አለ። ደስ ይለዋል፣ ለጎረቤት ይናገራል፣ ቀበቶውን ያሳያል። ነገር ግን የሄደው ባብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ስንቁ ሲያልቅ ውኃው በሽንት ይወጣል፤ ጨውም ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ያማል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ባት ይሸማቀቃል፣ ቁጣ ቁጣ ይላል፣ ትንፋሽም ይለወጣል። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን «እንጀራህን ብላና ሰላም ስጠን» ብላኛለች። ይህ ሁሉ ባብዛኛው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ውኃ መጠጣትና ወጡን ጨው አለማሳነስ ይረዳል፤ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ስለ ጨው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይነካካው። ሆድ ድርቀትም ይመጣል፤ ለዚያ ጎመንና ተልባ አለ።

ከዚያ በኋላ መቀነሱ ይዘገያል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከተቀነሰ መልካም ነው። ለሳምንታት ቀጥ ብሎ የሚቆምበትም ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ «መጀመሪያ ሠርቶልኝ ነበር፣ አሁን እንቢ አለ» እያለ። እንቢ አላለም፤ መጀመሪያ የወጣው ውኃ ስለ ነበረ ነው። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለ12 ወር ተከታተሏቸው። ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ የቀነሰም፣ እንዲያውም የጨመረም ሰው ነበረ። ከውጭ አገር «በወር 15 ኪሎ» ብለው ለሚደውሉልን ልጆቻችን ይህን ንገሩልኝ።

በደም ስኳር በኩል ግን ለውጡ ቶሎ ይታያል። እንጀራውን በግማሽ የቀነሰ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁጥሩ ሲወርድ ያያል። ጥሩው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

የኔን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። የምወስደው ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ነበር። ኪኒኑ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ እንጀራ በላህ አልበላህ አይጠይቅም። እኔ ለሐኪሜ ሳልናገር እንጀራውን አቆምኩና ኪኒኑን እንደ ወትሮው ጠዋት ዋጥኩ። የዚያን ዕለት ቀብር ነበረብን። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሳንደርስ ላብ አሰመጠኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። ቃሬዛውን ሰው ተቀበለኝና ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩትን አላውቀውም፤ ስሳደብ ነበር አሉ፣ ያውም በቀብር ላይ! አንዳንዱ ሐዘን ነው አለ፣ አንዳንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ጠበል የረጩብኝም አሉ። በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ ልጅ ደርሳ «ይሄ ሰውዬ ስኳሩ ወርዶ ነው» ብላ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሥቼ ሰዉን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ስለዚህ ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ። ስኳር እንዳለበት የምታውቁት ሰው በድንገት ላብ ካሰመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ያለ ጠባዩ ከተናገረ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። የሚውጥ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ማርም ይሆናል፤ ማር መድኃኒት የሚሆንበት አንድ ጊዜ ቢኖር ይሄ ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ያንቀዋል፤ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደኔ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው እንጀራውን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊያስተካክልለት ይገባል። ባዶ ሆድ ላይ ጠላና አረቄ መጨመር ደግሞ በእሳት ላይ ጋዝ መድፋት ነው።

ፈጽሞ ሊሞክሩት የማይገባቸውም አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃናት፣ ኩላሊቱ የታመመ። ከሁሉም በላይ ግን የምፈራላቸው ከሲታዎቹን ነው። በኛ አገር ስኳር የባለጸጋና የወፍራም በሽታ ብቻ አይደለም። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ አለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ከገጠር መጥተው ኢንሱሊን የሚወጉት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድሆችና ቀጫጭን ሰዎች እንደ ሆኑ አሳይተዋል። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመምም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። ረሀብ ባየ አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለናንተ አላብራራም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ምግብም መድኃኒትም ነው። ለሱ «እንጀራ ተው» ማለት ሁለተኛ ማስራብ ነው። ኢንሱሊን የሚያስፈልገውም ሰው በምግብ ብቻ አይድንም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ልጆች ምግብ በመከልከል ሊያኖሩ ሞክረው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ጥቂት አራዘሙት እንጂ አላዳኗቸውም። ኢንሱሊንን ያገኙት ፍሬድሪክ ባንቲንግ የዚያ ቀብር አስፈጻሚ የስም ሞክሼ መሆናቸው ያስገርማል።

ታዲያ መድኃኒቱ ለተስተካከለለትና ክብደት ላለው ሰው እኛ አገር ምን ይቻላል? እኔ የማደርገውን ልናገር። እንጀራ አልተውኩም። ሁለት እበላ የነበረውን አንድ አደረግሁት፤ በኋላም ግማሽ። ወጡ ወፍራም ሆኖ ይሠራልኛል፤ ጎመን በብዛት፤ እንቁላል ሲገኝ። ሥጋ በዓመት በዓል ነው፤ አልዋሻችሁም። ጾም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ያኔ ሽሮና ምስሩን በዛ፣ እንጀራውን አነስ አድርጎ፣ ተልባና ጎመን ጨምሮ መዝለቅ ነው፤ የስኳሩም ቁጥር ከፍስኩ ወራት ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍ ስላለ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እኔ በስምንት ወር አምስት ኪሎ ነው የቀነስኩት። ኪኒኔ ግን በሐኪም ትእዛዝ ተቀንሷል። አልዳንኩም፤ የድሮው አመጋገቤ ቢመለስ ስኳሩም እንደሚመለስ ተነግሮኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ለእድራችን የማቀርበው ጥያቄ ነው። ቤቴ ውስጥ የያዝኩትን ሥርዓት የሚያፈርስብኝ ድንኳኑ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ አለመብላት ሐዘንተኛውን ማስቀየም ነው። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበ ጉርሻ አይመለስም። ስለዚህ የወጥ ቤት ኃላፊ እናቶቻችን ካልከበዳቸው ከወጡ ድስት ጎን አንድ ድስት ጎመን እንዲጨምሩልን፤ እንጀራውም በሰው ልክ ተቆርጦ ከመቅረብ ይልቅ በሌማት ሆኖ እያንዳንዱ የሚበቃውን እንዲያነሣ፤ ሰልስትም ሆነ ዐርባ ሲሆን ከድንኳኑ ዕቃ ጋር አንድ ኪሎ ስኳር ዘወትር እንዲቀመጥ። ይሄ ለሻይ አይደለም፤ እንደኔ ለሚወድቅ ሰው ነው። ወጪው ከእድሩ ሣጥን እንዲሆን ጉባኤው ይወስንልኝ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ የማላውቀውን ጤና ጣቢያ ጠይቄ እነግራችኋለሁ።