የሶፍትዌር ፈታሽ ጠባይ
(በላንቴ ለክረምት ዕረፍት ለመጡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



አስተዋይ ገበሬ ከሀሬ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ወደ ሙዝ ማሳው ከመልቀቁ በፊት ቦዩን በእግሩ ሄዶ ይመለከታል። ቀዳዳው ውሃው ከተለቀቀ በኋላ ከተገኘ የጎረቤትን ማሳ ያጥለቀልቃልና ነው። ሶፍትዌርም ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት እንዲሁ የሚመለከተው ሰው ያስፈልገዋል።

ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይገባል?

መጀመሪያ ተጠራጣሪ ይሁን። ሠሪው «ይሠራል» ሲል፣ እርሱ «በምን ይሰናከላል?» ብሎ ይጠይቅ። የልደት ቀን መመዝገቢያ ቢሰጡት፣ በ2015 ዓ.ም. እንደ መጣችው ያለችውን ጳጉሜን 6ን ይጻፍበት። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልገው።

ሁለተኛ ታጋሽ ይሁን። አንዱን ነገር ዐሥር ጊዜ ቢደጋግም አይሰልች፤ ያየውንም በቅደም ተከተል ይጻፍ።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ታማኝነት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለጥቂት ሰዓታት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ምክንያቱ በባንኩ በራሱ ሲስተም ላይ የተፈጠረ ችግር እንጂ የውጭ ጥቃት አልነበረም። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ወጣ አስታወቀ። ከእኛው ከተማሪዎች መካከል ብዙዎች በየዩኒቨርሲቲው ማሽን ፊት ተሰልፈው አደሩ፤ በኋላም ብዙዎቹ መለሱ።

ያን ሌሊት ጉድለቱን ያየው ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን ጉድለት ማየት ብቻውን ሰውን ፈታሽ አያደርገውም። ፈታሽ የሚባለው ያየውን ጉድለት መጠቀሚያ ሳያደርግ ለባለቤቱ የሚናገር ነው። በጋሞ አባቶች ዘንድ ያልተናዘዙት ጎሜ ከአጥፊው አልፎ ለቤተሰብ ይተርፋል ይባላል። የተሸሸገ የሶፍትዌር ስሕተትም ከሠሪው አልፎ ለማያውቀው ሰው ይተርፋል።

ሲናገር ግን በትሕትና ይሁን፤ ሥራውን ይንቀፍ እንጂ ሠራተኛውን አያዋርድ። ሠሪውም ቢሆን ስሕተቱን ያሳየውን ሰው እንደ ጠላት አይቍጠረው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አገራችን ገንዘቧንና መዝገቧን ለኮምፒዩተር እየሰጠች ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ፕሮግራም የሚጽፉ ብቻ ሳይሆኑ፣ ቦዩን አስቀድመው የሚመለከቱም ይውጡ።