እናቴና የባቡሩ ዘንቢል
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ እናትህ ተናገር» ሲለኝ፣ እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ሂሳብ እንጂ ንግግር አላውቅም ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው የእናቴም ነገር ሂሳብ ነው፤ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ።

ብዙዎቻችሁ እናቴን በእንጀራዋ ታስታውሷታላችሁ። ቀድሞ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ሲቋረጥ በሐዲዱ የሚተዳደረው ሰው ሁሉ ሥራ ፈታ። በዓመቱ አባቴ ታሞ አረፈ። ባቡሩ እንደገና መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም.፣ እናቴ የ9 ዓመት ልጇን ለአያቴ አደራ ሰጥታ ወደ ጅቡቲ ተሳፈረች። «ትምህርትህን እንዳትተው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ከድሬዳዋ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኔ ግን የዓለም ዳርቻ ነበር። በየወሩ በባቡር የሚመላለሱ ነጋዴ ሴቶች ዘንቢል ያመጡልን ነበር። ውስጡ ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ይኖራል። ገንዘቡ እንዴት እንደሚገኝ ያየሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አገር ቤት ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ ካምሲን ሲነፍስ፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ካልደረሱለት ቶሎ ይሖመጥጣል። ስለዚህ ማታ ታቦካለች፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ከሰል ታያይዛለች። ጎረቤት ሲነቃ እሷ እንጀራውን ለደንበኞቿ አድርሳ ትመለሳለች።

8ኛ ክፍል ሳለሁ፣ የጓደኞቼ እናቶች ውጤት ሊቀበሉ ሲመጡ አይቼ ተናደድኩ። «ብርሽን አልፈልግም፤ እናት ከሆንሽ ነይ» ብዬ ጻፍኩላት። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ያንን ቃል በሰው አፍ ነው የሰማችው። በሚቀጥለው ወር ዘንቢሉ እንደ ወትሮው መጣ። በ1982 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ስመጣም ነገሩን አላነሳችውም። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፍሬ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ሱቄን እንኳ የከፈትኩት እሷ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው።

ልጆች ስወልድ ሦስቱም በእሷ ጀርባ ላይ አደጉ። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ሰፈር ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራሉ፤ እሷ ዘንድ ግን አማርኛ ብቻ ነበር። ትልቋ ልጄ ማኅበራችን በሚሰጠው ትምህርት ፊደል ስትለይ፣ እናቴ ሳጥኗን ከፍታ የእኔን የድሮ ደብዳቤዎች አወጣችና «አንብቢልኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ልማዳቸው ሆነ። የልጄ አማርኛ የተቃናው በእነዚያ ደብዳቤዎች ነው።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. አረፈች። ከለቅሶው በኋላ ልጄ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ አንዱን ብቻ አላስነበበችኝም። ለብቻው በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ነበር። ሳነሳው ‹እሱን ተይው የእኔ ልጅ፣ ሕፃን ሆኖ የጻፈው ነው› ትለኝ ነበር።»

ቋጠሮውን ስፈታ ያው ደብዳቤ ነበር። ልትቀደው ስትችል አስቀመጠችው፤ የልጅ ልጇ ግን አባቷን እንዳትታዘበው ሸሸገችልኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ልጆቻቸውን አገር ቤት ለአያት ትተው የሚሠሩ እናቶች አሉ። ልጆቻችሁ በስልክ ክፉ ቃል ቢናገሯችሁ አትዘኑ፤ አንድ ቀን ይገባቸዋል። እናት በሕይወት ያለችላችሁ ደግሞ እንደ እኔ ዛሬ ነገ አትበሉ። እኔ ይቅርታዬን ለመቃብር ነው የነገርኩት።

ነፍሷን በገነት ያኑርልን።