የጾም ማዕዳችንና የአቃቂ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የሚወቅሳቸው በጎች አሉ። በደላቸውም ከጥሩው ውኃ ጠጥተው ከረኩ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው አደፍርሰው ለደካሞቹ መተዋቸው ነው። እነዚያ በጎች እኛው ሆነን እንዳንገኝ ራሳችንን እንመርምር።

በሀና ማርያም ዙሪያ የዘነበው ዝናም በየቦዩ ወርዶ የሚደርሰው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ያፈሰስንበትን እድፍ ከአገር አውጥቶ የሚጥልበት ስፍራ የለውም።

እድፉ ግን ያን ያህል ሳይርቅ ወደ እኛው ይመለሳል። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች ሌላ ውኃ በማጣት ጎመኑን፥ ቆስጣውንና ሰላጣውን የሚያጠጡት በዚሁ ወንዝ ነው፤ የሚሸጡትም ለዚችው ከተማ ነው። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ትተን ወደ ማዕዳችን የምናቀርበውም ይህንኑ ቅጠል ነው። ሊቃውንት መርምረው፥ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ሳይቀር በቅጠሉ ውስጥ አግኝተዋል። እንዲህ ያለው መርዝ ደግሞ ተቀቅሎ አይጠፋም።

እንግዲህ ጾማችን ምንድር ነው? አፋችን ከሥጋ ተከልክሎ ሳለ እጃችን የመጸዳጃውን ቧንቧ ወደ ጎርፍ ቦይ ቢለቅ፥ የጋራዡን ዘይት ወደ ወንዝ ቢደፋ፥ ባለ ፋብሪካውም የማጣሪያውን ወጪ ሽሽት ዝቃጩን በጨለማ ቢያፈስ፥ ባልንጀራችንን እየመረዝን ጾምን ማለት እንችላለንን? ጨለማ ከሰው ይሰውር ይሆናል፤ ከእግዚአብሔር ግን አይሰውርም።

ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውኃ የፈወሰው ወደ ምንጩ ሄዶ ነው። የዚህ እድፍ ምንጭ ደግሞ ቤታችንና የሥራ ቦታችን ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን የቤታችን ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬውኑ እንመልከት፤ ባለ ጋራዡ ያገለገለውን ዘይት በዕቃ ያጠራቅም፤ ባለ ፋብሪካው ሳያጣራ አይልቀቅ፤ ሰበካ ጉባኤውና እድሩም የሰፈሩን ቦይ ይጠብቁ። ያለፈውን በንስሐ፥ የሚመጣውን በጥንቃቄ እናቅና።

በዮርዳኖስ ተጠምቆ ውኃን የቀደሰ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከእኛ በታች ያለውን ወንድማችንን የምናስብበት ልቡና ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።